ሁሴኖ ስምንት

ጋሽ ሁሴኖ ከሆሳዕና በኩል አሰላ የመጡት በወጣትነታቸው ነው። ይኸው ሃያ ምናምን ዓመት እኛ ሰፈር ወፍጮ ቤት ስንዴና ገብስ ሲፈጩ ኖረዋል። ዱቄቱ ደረታቸውን ስለሚያሳምማቸው አፍና አፍንጫቸውን በነጭ ጨርቅ ያስራሉ፤ ከዓይናቸው በቀር ሁለመናቸው ነጭ ነው። ሮሐን የወለድኩ ጊዜ ወረፋ አስጠብቀውኝ አያውቁም። «አራስ ትቅደም!» ይላሉ፣ የሚያጉረመርም ቢኖርም ባይኖርም።

እኔ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ ፊልምና ዘፈን በፍላሽ እጭናለሁ። ደንበኞቼ የፈረንጅ ፊልም ስም መያዝ አይሆንላቸውም፣ ስለዚህ ስም አወጣለሁ። አንድ ነጭ ጭንብል ያጠለቀ ገዳይ ሰው እያሳደደ በካራ የሚያርድበት ፊልም አለ፤ በየጊዜው ክፍል ይጨመርለታል። ስምንተኛው ሲመጣ አንዱ ደንበኛ «የቱ ነበር እሱ?» ቢለኝ፣ «ያው ጋሽ ሁሴኖን የሚመስለው» አልኩት። ሳቅን። በሳምንቱ «ሁሴኖ ስምንት አለ?» የማይለኝ ጠፋ። እኔም በወረቀት ጽፌ በሩ ላይ ለጠፍኩት።

ፊልሙን ትልልቆቹ አስጫኑት፣ ትንንሾቹ ከኋላ ሆነው አዩት። ጋሽ ሁሴኖ ለምሳ ብቅ ሲሉ «ዱፌ! ዱፌ! ሁሴኖ መጣ!» እያሉ በኦሮምኛም በአማርኛም እየጮኹ ይበታተኑ ጀመር። የአምስት ዓመቷ ሮሐ ሳትቀር ቀሚሴ ውስጥ ተሸሸገች። ያን ቀን ወረቀቱን ቀደድኩት፤ ስሙ ግን ከሰው አፍ አልወጣ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ ራሳቸው ሱቄ መጡ። ፊታቸው ላይ ጨርቅ የለም። እያሳላቸው ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«የሮሐ እናት፣ ያንን የኔን ፊልም ጫኝልኝ።»

«ምን ያደርግልዎታል፣ ጋሽ ሁሴኖ?»

«ምን እንዳጠፋሁ ልየው እንጂ! ልጆቹ እንዳይፈሩኝ ብዬ ጨርቁን ከተውኩ ሁለት ሳምንቴ። ይኸው ደረቴ አላስተኛ አለኝ።» ፈገግ አሉ። «ሰውዬው መጨረሻ ላይ ይሞታል?»

«በየክፍሉ ይሞታል። ከዚያ ተመልሶ ይነሳል።»

«ውይ! ዘጠኝም አለብኝ በይኛ!»

መሳቅ አቃተኝ። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ወረቀቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ስልካቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። «እኔ እኮ የመናኸሪያ ጎረምሶች መስለውኝ» አሉ። «አንቺን አልጠረጠርኩም።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ሮሐን ይዤ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። እህል ይዘው በተሰለፉት እናቶችና በልጆቻቸው ፊት፣ ስሙን ለገበያ ብዬ እንዳወጣሁት፣ ጨርቁም ለደረታቸው መሆኑን ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ታዲያ ፊልሙ ማን ይባል?» አለች አንዷ ልጅ።

«በኔ ስም ጥሩት። ትንቢት ስምንት።»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ሮሐ ግን «የእማዬን ስም ለገዳይ!» ብላ አለቀሰች።

«በቃ፣ ልጅቷን አታስለቅሻት» አሉ ጋሽ ሁሴኖ። ጨርቁን እንዲያስሩ ለመንኳቸው። «መጀመሪያ ልጆቹ ፊቴን ይልመዱት» አሉኝ።

አሁን ጠዋት ጠዋት ሱቅ ከመክፈቴ በፊት ሮሐን ይዤ ወፍጮ ቤት እሄዳለሁ። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ጨበጠች። እሳቸውም እጇን ሳይለቁ፣ እንዳትደነግጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ሳላቸውን እዚያው ጨረሱ።