እሳት የማያቃጥላት ገረድ

ጅቡቲ አምቡሊ ሰፈር ሰው ቤት ስሠራ ማዳሜ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ጌም ስትጫወት ነበር የምትውለው። እኔም ከኋላዋ ልብስ እየተኮስኩ አያለሁ። ምን ላድርግ፣ ኤሲ ያለው እዚያ ክፍል ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጨዋታው "ምረጪ" ብሎ ቆመ። ከተማዋ ከዘንዶው እንድትድን የንግሥቲቱ ገረድ እሳት ውስጥ መግባት አለባት። ማዳም ዞር አለችና፣ "አንቺ ብትሆኚ ታስገቢያታለሽ?" አለችኝ።

ስለ ገረድ ገረዷን ትጠይቃለች! ደሜ ፈላ።

"ገረዷ ጨዋታው ሲጀመር ንግሥቲቱን አዝላ በእሳት መሃል አልፋ የለ እንዴ?" አልኳት በተሰባበረው ፈረንሳይኛዬ። "ያኔ ፀጉሯ እንኳ አልተነካም። ዛሬ እንዴት ትሞታለች? ነው ወይስ ሞት ሲመጣ የምትታወሰው ገረድ ብቻ ናት?"

ማዳም ድርቅ ብላ አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ከክፍሉ ወጣች። በቃ ተባረርኩ ብዬ ሻንጣዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀመርኩ።

ወንበር ይዛ ተመለሰች። ካውያውን ነቀለችና ወንበሩን ከራሷ ጎን አስቀመጠችው።

"ተቀመጪ" አለችኝ። "የጨዋታውን ታሪክ የምጽፈው እኔ ነኝ። እስኪ ንገሪኝ፣ ከእሳቱ ወጥታ ወዴት ትሂድ?"