ቀለም ያልነካው ብሩሽ

የእህቴን ባል የጀልባ መጠገኛው ሰዎች «ፀጉር ለቃሚው» ይሉታል። ስሙን ያወጡለት አናጺዎቹ ናቸው። ቫርኒሽ እየቀባ ከብሩሹ አንዲት ፀጉር ተነቅላ እንጨቱ ላይ ከቀረች፣ ሥራውን አቁሞ ትንፋሹን ውጦ በብሩሹ ጫፍ ቀስ ብሎ ቀና ያደርጋትና በሁለት ጣቱ ያነሳታል። ራሱ ደግሞ አንድም ፀጉር የሌለው መላጣ ነው። «የራሱ ሲያልቅ ያልደነገጠ ሰው ለብሩሽ ፀጉር ይሞታል» እያሉ ይስቁበታል። እሱም ይስቃል። ሲስቅ ድምፅ አያወጣም፤ ትከሻው ብቻ ይነቃነቃል።

እኔ ጋሼ ነው የምለው። እህቴን ሲያገባ ገና ተማሪ ነበርኩ። ሁለታችንም ዝምተኞች ስለሆንን አብረን መቀመጥ አይከብደንም። እህቴ «ሁለቱ ግድግዳዎች» ትለናለች።

ሥራው የመንገደኛ ጀልባዎችን እንጨት ቫርኒሽ መቀባት ነው፤ በሩን፣ የእጅ መደገፊያውን፣ አግዳሚ ወንበሮቹን። ቀለም ገመና ይሸፍናል። ቫርኒሽ ግን እንደ መስታወት ነው፤ ከሥሩ ያለውንም ከላዩ ያረፈበትንም ያሳያል። ስለዚህ ጋሼ ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው ለብሩሽ ነው።

አንድ ጊዜ ብሩሽ ሊገዛ ሲሄድ አብሬው ሄጄ ነበር። ባለ ሱቁ ገና ሲያየን «መጣ ደግሞ!» አለና ሣጥኑን እንዳለ አወረደለት። ጋሼ አንዱን ያነሳል፣ ፀጉሩን በእጁ ጀርባ ላይ አጉብጦ ይለቀዋል፣ ተመልሶ ቀጥ ማለቱን ያያል። ሳብ ሳብ ያደርገዋል። መዳፉ ላይ መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ወደ በሩ ብርሃን ወጥቶ ጫፉን ያያል። ያስቀምጥና ሌላ ያነሳል።

«ጋሼ፣ ሚስትዎንም እንዲህ ነው የመረጡት?» አለው ባለ ሱቁ።

«እሷ ናት የመረጠችኝ። እኔ ብሆን እስከ ዛሬም እያየሁ ነበር።»

የተመረጠውም ቢሆን ወዲያው በር ላይ አይወጣም። አዲስ ብሩሽ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ስለዚህ ሰው በማያየው በወንበሮቹ ሆድ ላይ ብዙ ይሠራል። በር ላይ፣ ያውም ለመጨረሻው ቅብ፣ የሚወጣው አንድ ብሩሽ ብቻ ነው። እጀታው ከብዙ ዘመን ላብ የተነሳ ጠቁሯል። ጋሼ «ሽማግሌው» ይለዋል።

ከሥራ ሲመለስ ሳይበላ ሽማግሌውን ያጥባል። ነጭ ጋዝ በሦስት ጣሳ ይቀዳል፤ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው እያሻገረ ያጥበዋል። በመዳፎቹ መሃል ያሽከረክረዋል፣ ከዚያ ያበጥረዋል። ማበጠሪያው የእህቴ ነበር። «ለሱ ራስ ማበጠሪያ ምን ያደርጋል ብዬ ሳልደብቀው ተሰረቅኩ» ትላለች። በመጨረሻ እጀታው ላይ ባለችው ቀዳዳ ሽቦ አሳልፎ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ያንጠለጥለዋል። ፀጉሩ የጣሳውን ወለል መንካት የለበትም። በፀጉሩ የቆመ ብሩሽ ጎብጦ ይቀራል። ደግሞም አንድ ሕግ አለው፤ የቫርኒሽ ብሩሽ ቀለም አይነካም። «ቀለም ሥሩ ገብቶ ይተኛል» ይላል። «አንድ ቀን ቫርኒሹ መሃል ይነቃል።»

ችግሩ የመጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። ባዶ ሆኖ የኖረው ቦታ ላይ ብሎኬት ማምረቻ ተከፈተ። ማሽኑ ሲነሳ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፤ ሲሚንቶው እንደ ጭጋግ ተነስቶ አጥሩን ይሻገራል። ጋሼ ቀብቶት የዋለው የአንድ ጀልባ በር አመሻሽ ላይ ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል። ፍቆ ደገመው፤ ያው ሆነ። ማሽኑን ልቅደመው ብሎ ጎህ ሲቀድ ቢቀባ ጤዛው አልተነሳም ነበርና ቫርኒሹ ወተት የፈሰሰበት መሰለ። እሱንም ፋቀው። ሠራተኞቹ ከሄዱ በኋላ ልቀባ ቢል ደግሞ ከውሃው የሚነሳው እርጥበት አለ።

«ጠዋቱ የጤዛ፣ ቀኑ የአቧራ፣ ማታው የእርጥበት» አለኝ። «የኔ የቱ ነው?»



ባለ ጀልባዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ጀልባውን ከአባቷ ስትወርስ ጋሼንም አብራ የወረሰች ያህል ታከብረዋለች። መጥታ በሩን ዳሰሰችና እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ጋሼ፣ ጀልባው ከቆመ ቆየ። በዚህ ሳምንት ካልተጠናቀቀ ነጭ ቀለም ይቀባ። ቀለም አቧራ አያሳይም።»

«እንጨቱስ?»

«እንጨቱማ ከሥሩ አለ። የት ይሄዳል?»

ልታጽናናው ብላ ነው። ነገር ግን በመጠገኛው በቫርኒሽ የቀረው የሷ ጀልባ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ቀለም ገብተዋል። የሷም ከገባ ጋሼ የሚያውቀው ሥራ አበቃ ማለት ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ ቶሎ ብላ ሄደች።

እህቴ ስትሰማ ተቆጣች። «ሂድና የብሎኬቱን ሰውዬ ለምነው! አንድ ቀን ማሽኑን ቢያቆም ምን ይጎድልበታል?»

«ሰው ሥራህን አቁም ተብሎ ይለመናል?»

«አፍ የተሰጠህ ለመብላት ብቻ ነው እንዴ?» ወደኔ ዞረች። «አንተም አብረኸው ሂድ። ሁለት ግድግዳ ቢያንስ ጥግ ይወጣዋል።»

መንገድ ላይ ጋሼ የሚናገረውን ያጠና ነበር። «አንድ ቀን ሙሉ። ከጠዋት እስከ ማታ። ከዚያ በኋላ አቧራ ቢያርፍበትም ይጠረጋል።» ደጋግሞ አለው።

ባለ ብሎኬቱ ሽፋሽፍቱ ድረስ ሲሚንቶ የለበሰ ወጣት ነው። ሲያየን ከመቀመጫው ተነሳ፣ ወንበሩን በገዛ እጅጌው ጠረገ። «አባቴ፣ ይቀመጡ። ምን ልታዘዝ?»

ጨዋነቱ ጎዳን። ቢሰድበን ኖሮ ምናልባት አፋችን ይፈታ ነበር። ከጀርባው የቀን ሠራተኞቹ አካፋቸውን ተደግፈው ያዩናል፤ ሥራቸውን እንዳንከለክላቸው የፈሩ ይመስሉ ነበር። ጋሼም አያቸው።

«ነገ ትንሽ… ማሽኑ ቢያርፍልኝ ብዬ ነበር። ቫርኒሽ አለብኝ።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

ጋሼ ወደኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

«እስከ እኩለ ቀን» አለ።

«ይሄማ ምን ችግር አለው! እስከ ስድስት ሰዓት አናስነሳውም።» በሁለት እጁ ጨብጦ ሸኘን።

ከበሩ ስንወጣ «እስከ ማታ ማለት ነበረብን» አልኩ።

«አይተሃቸዋል አይደል? የስንቱን ጉሮሮ ልዝጋ?» ሰማዩን አየ። «ፀሐዩ ከበረታ ይደርቅ ይሆናል።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለች እህቴ፣ ቤት ደርሰን ስንነግራት። «ተመልሳችሁ ንገሩት።»

«የለመንነውን ሰጥቶን፣ እንደገና?» አለ ጋሼ። በዚህ ነገሩ ተዘጋ።

በማግስቱ ጤዛው እንደተነሳ መሬቱን ውሃ ረጨን። ቫርኒሹን በእህቴ አሮጌ ስቶኪንግ አጠለልነው። ከአጥሩ ማዶ ዝም ብሏል፤ ሰውየው ቃሉን ጠበቀ። ጋሼ ሽማግሌውን ከጣሳው አወጣና አጥቦ መጥኖ ነከረው። ከላይ ወደታች ሳብ አድርጎ መልሶ በጫፉ ብቻ ዳበሰው። የእንጨቱ ደም ሥር አንድ በአንድ ብቅ አለ። አናጺዎቹ ሥራቸውን ትተው መጡ። አንዱ ትንፋሹ እንዳይነካው አፉን በመዳፉ ይዞ ነበር።

«ፀጉር ለቃሚው፣ ዛሬ የምትለቅመው አጣህ!»

የጋሼ ትከሻ ተነቃነቀ።

ፀሐዩ ግን ደመና ውስጥ ገባ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ጋሼ የበሩን የታችኛውን ጥግ በጣቱ ጀርባ ነካ አደረገ። ጣቱ ተጣበቀ።

«ልሂድና ልንገረው» አልኩ። እውነቴን ነበር።

«ምን ትለዋለህ? ያለውን ፈጸመ እኮ።»

ሸራ አመጣን። በሩ ላይ እንዳንጥለው ይጣበቃል። ስለዚህ ግራና ቀኝ ይዘን በአጥሩና በበሩ መሃል ወጥረነው ቆምን፤ በመጨረሻ እህቴ እንዳለችው ሁለት ግድግዳ ሆንን። ማሽኑ ተነሳ። እግራችን ሥር መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ነጩ ጭጋግ መጣ፤ ሸራችን ጋ ደርሶ ከላይ ዘለለ፣ በጎን ዞረ። ጋሼ ወደ በሩ አልዞረም። ክንዳችን እስኪዝል ቆምን።

ማታ ባለ ጀልባዋ መጣች። አልዳሰሰችውም። በማግስቱ የነጭ ቀለም ቆርቆሮዎቹን ላከች፤ «ከጋሼ በቀር ማንም እንዳይነካው» ብላ።

ጋሼ እቤት ተመልሶ «ብሩሽ ስጪኝ» አለ። እህቴ አዲሱን አመጣችለት።

«ሽማግሌውን።»

«ቀለም አይነካም ያልከው አንተ አይደለህ?»

«ለምን ላቆየው?»

 ከሽቦው አውርዳ ሰጠችው።

መጠገኛው ተመልሶ ቆርቆሮው አጠገብ ጎንበስ ብሎ መጀመሪያ ጫፉን ብቻ አስነካ። ቆየት ብሎ አጠለቀው። ቀለሙ በበሩ ላይ አንድም የብሩሽ መስመር ሳይተው ተኛ። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ አቧራው ይወርዳል፣ ነጩ ይውጠዋል። ምሳ ሰዓት ላይ ባለ ብሎኬቱ በአጥሩ ክፍተት ብቅ አለ።

«አባቴ፣ ነጭ ሆነ እንዴ? እንዴት ያምራል! ትናንት ረዳሁዎት አይደል?»

«ረዳኸኝ» አለ ጋሼ። «ተባረክ።»

ማታ ሳይበላ ሦስቱን ጣሳ ደረደረ። አጠበው፣ አሽከረከረው፣ አበጠረው። ነጭ ጋዙን ሁለቴ ለወጠ። ከፀጉሩ ሥር፣ ከቆርቆሮው ቀለበት አጠገብ፣ አንዲት ነጭ መስመር አልወጣ አለች። መብራቱ ጋ አቅርቦ አያትና ሽቦውን በቀዳዳው አሳለፈ። ፀጉሩ ወለሉን እንዳይነካ ከፍ፣ ዝቅ እያደረገ አስተካከለው።

«አሁንስ ለምን ታንጠለጥለዋለህ?» አለች እህቴ በቀስታ።

«ይጎብጣል» አላት።