በሲሚንቶ የሸፈንኩት ስንጥቅ

ነገሩ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ይመጣብኛል። እውነቱን እስካሁን ለማንም ስላልተናገርኩ ነው መሰለኝ።

ሳውዲ ስድስት ዓመት በግንበኝነት ሠርቼ ተመለስኩ። የምኖረው መካነ ሰላም ነው፤ የትውልድ መንደሬ ግን ወግዲ በኩል ነው። እዚያ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ፣ የጥድ ምሰሶ ያለው መስጊድ ነበረን። ዕድሜውን በትክክል የሚያውቅ የለም። አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰዎች ለክተው፣ ‹‹ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩት›› ብለው ሄደዋል።

በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ መንደሩ በደቦ ግድግዳውን ይመርግ ነበር። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክተው ቀናት ያሳድሩታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ጭድ ተሸክመው ይመጣሉ። ሥራውን የሚመሩት ሼህ እንድሪስ ነበሩ። ከሰማንያ ዓመት በላይ ሆኗቸውም ምርጊቱን በመዳፋቸው እየዳበሱ፣ ‹‹እዚህ ጋ ጨምሩ›› ይሉ ነበር።

እኔ ይህን ሁሉ ድካም ሳይ ሳቅኩ። አረብ አገር ያሉ የመንደራችን ልጆች ብር አዋጥተው ላኩ፤ ግድግዳውን ከውስጥም ከውጭም በሲሚንቶ ለሰንኩት። ነጭ ቀለም ቀባሁት። ሁሉም መረቀኝ፤ ሼህ እንድሪስ ብቻ ከፋቸው።

‹‹አንተ ልጅ፣ ይሄ ግድግዳ ክረምት የጠጣውን በጋ ይተፋው ነበር። አሁን አፉን ለጎምከው።››

‹‹አይስጉ ሼህ፣ እኔ ስንት ፎቅ ያቆምኩ ሰው ነኝ›› አልኳቸው። ፎቁን ከመቶ ሰው ጋር እንዳቆምኩት አልነገርኳቸውም።

በሁለተኛው ክረምት፣ ለመውሊድ ሳምንት ሲቀረው፣ በቂብላ በኩል፣ ሰጋጁ ፊቱን በሚያዞርበት፣ ያለው ግድግዳ ሆዱ ተነፍቶ አየሁ። ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ነበረው። ጣቴን ስከትበት እርጥብ ጭቃ ይዞ ወጣ። የሽማግሌው ቃል እንደደረሰ ያኔ ገባኝ።

በሩን መዝጋት ነበረብኝ። ግን ብር የላኩት ልጆች የበዓሉን ቪዲዮ እየጠበቁ ነው፤ እኔም አፈርኩ። ስንጥቁን በሲሚንቶ ሞልቼ ቀለም ደረብኩበት። ማንም አላየኝም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ፣ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተናደ። ሰው ወጥቶ ነበር። ሼህ እንድሪስ ግን እንደ ልማዳቸው ቁርአን ሊቀሩ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጠው ነበር። ድንጋዩን በእጃችን አነሳን። ልስኑ ድርቅ እንዳለ ነው፤ ከጀርባው ያለው ጭቃ ግን ሊጥ ሆኗል። ስናገኛቸው ሕይወታቸው አልፏል።

ለቅሶ ላይ ባለቤታቸው እማማ ዘሀራ እንባዬን አይተው፣ ‹‹አብሽር ልጄ፣ ቀደር ነው። አላህ የጻፈውን ማን ይፍቀዋል?›› አሉኝ። እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

ባለፈው ወር የመንደሩ ሽማግሌዎች በፈረሰው ምትክ አዲስ መስጊድ እንድሠራ መረጡኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እማማ ዘሀራ ቀደሙኝ። ‹‹እሱ ይሥራው፤ እንድሪስም ይወደው ነበር›› አሉ። እሺ አልኩ።

አሁን መሠረቱን እያስቆፈርኩ ነው። ራሴን ጠልቼዋለሁ። እማማ ዘሀራ በየቀኑ ለሠራተኞቹ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ የሚዘግኑት ለእኔ ነው።