ተሳልመው የሰቀሉት መጽሔት

እትዬ የሻረግ ፍላቂት በምትባል የወሎ ከተማ ተወልደው፣ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባ የሰው መጽሔት ሲያርሙ ኖረው፣ የመጨረሻው ሲዘጋባቸው ላሊበላ ገብተው የራሳቸውን ጀመሩ። «ሦስት መጽሔት ቀብሬያለሁ፤ አራተኛውን የራሴን ልቅበር ብዬ ነው» ይላሉ።

አዘጋጁም፣ ፎቶ አንሺውም፣ አዟሪውም እርሳቸው ናቸው። እኔ ምክትል አዘጋጅ ነኝ፤ በሥነ ጽሑፍ የተመረቅሁ ስለሆንኩ ካርቶን እሸከማለሁ።

ምኞታቸው አንድ ነው፤ የከተማው ሰው እንዲያነባቸው። ግን ከየእትሙ ግማሹ አልጋቸው ሥር ይቀራል። አምና ለገና ሽፋኑን የቅዱስ ላሊበላ ሥዕል አደረጉት። ከበዓሉ በፊት አለቀ። እኔ ውስጡ ስለ ጤዛ ግጥም ነበረኝና፣ ከተማው በሙሉ ስለ ጤዛ ሲያስብ ታይቶኝ አለቀስኩ።

በዓሉ እንዳለፈ አስተያየት ልንሰበስብ ወጣን። ዛፉ ሥር ካለው ከመስቀል ሻጯ ከይማርሽ ሱቅ ስንገባ መጽሔቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ መጋረጃ ተደርጎለት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

«አነበብሽው?»

«ኧረ እትዬ ምን ነካዎት! ቅዱሱን ወደ ኋላ ቀልብሼ? ጠዋት ጠዋት እሳለመዋለሁ እንጂ!»

በየሄድንበት እንዲሁ ነው። እትዬ የሻረግ መንገድ ዳር ተቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ስንት ዘመን ሽፋን ስመርጥ ኖሬ፣ የማይገለጥ መጽሔት አሳተምኩ!» ከዚያ እንባቸውን ጠረጉ። «አንዴ ልሞክር። ካላነበቡኝ ፍላቂት ገብቼ ገብሴን እዘራለሁ።»

ለፋሲካ ሽፋኑ ላይ የራሳቸውን ፎቶ አወጡ፤ ሲያዛጉ የተነሡትን። «ይህን የሚሳለም ከተገኘ እመነኩሳለሁ።» እኔ በማዛጋት ተደንቄ ግጥም ጀመርኩ፤ ከለከሉኝ።

ማንም አልሰቀለውም። የገዛውም ጥቂት ነው። እትዬ የሻረግ ዕቃቸውን መሸከፍ እንደ ጀመሩ ይማርሽ መጽሔቱን ጠቅልላ እንደ ዱላ ይዛ ገባች። «እትዬ»ውም «እርስዎ»ውም ቀርቷል።

«አንቺ! አሮጌ እንዲመስል አዲሱን መስቀል ምድጃ ላይ ታጨሳለች ብለሽ የጻፍሽው እኔን ነው!»

«ስምሽን መች ጠራሁ?»

«ዛፉ ሥር ያለችው አላልሽም? ደግሞ መጨረሻ ገጽ ላይ የከተማውን የውኃ መጥፋት ጉዳይ ምነው በአጭሩ ቀጨሽው? እሱን ነበር መጻፍ!»

የእትዬ የሻረግ ፊት ፈካ። «የውኃውንም አይተሻል?»

«ከዳር እስከ ዳር ነው ያነበብኩት! ልከስሽ ነዋ!»

ተነሥተው ወንበራቸውን ለቀቁላት። «ቁጭ በይ እቴ፤ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ስደቢኝ።» ወደ እኔም ዞሩ። «አንተ ምን ቆመህ ታያለህ? ጻፍ እንጂ፤ ለሚቀጥለው እትም ነው።»