ቀትር ላይ የምትጮኸው ሣጥን

ሰመራ ገበያ ውስጥ በስልክ ጠጋኙ በር ሳልፍ ሽቦ የሚያጣብቁበት የቀለጠ ስታኞ ሽታ በመጣ ቁጥር፣ አዋሽ ከተማ ያለው የወላጆቼ ሻይ ቤት ጓሮ ፊቴ ድቅን ይላል፤ ወዲያው ንዴቴም ይመጣል።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ሰይድ፣ ሹፌሮች የሚጥሉለትን የሞቱ ሬዲዮኖች እየፈታ፣ ብረት በከሰል አግሎ ሽቦ ከሽቦ እያጣበቀ፣ በማካሮኒ ሣጥን ውስጥ የድምፅ ማጣሪያ ይሠራ ነበር። የቀበሌው ኪነት ቡድን ኦርጋን ጆሮ ይበሳ ነበርና ሊያለሰልስላቸው አስቦ ነው። የሣጥኗ ቁልፍ ሲዞር ቀጭኑ ድምፅ ይቀራል፣ ወፍራሙ ያልፋል። «ዱቄት እንደ መንፋት ነው» ይለኝ ነበር።

በጋውን ሙሉ አስቸገረችው። ጠዋት ከቴፓችን መንዙማ ሲያሳልፍባት ታምር ነበር፤ ቀትር ላይ ግን በራሷ ታፏጫለች። ሽቦውን ፈትቶ መልሶ ያጣብቃል፣ ዕቃ ይቀይራል፣ ያው ነው። ክረምት መግቢያ ላይ እናቴ ቦታ ጠቧት ሣጥኗን ለስላሳ ከምናቀዘቅዝበት እርጥብ ጆንያ ጎን ብትገፋት፣ ሳታፏጭ ዋለች። ለካ ጥፋቱ የሽቦው ሳይሆን የአዋሽ ሙቀት ኖሯል።

መስከረም ላይ ቀበሌው ለአብዮት በዓል ወሰዳት። ሰይድ «ጓድ ሊቀመንበር፣ አደራ፣ ፀሐይ ላይ እንዳያወጧት» ብሎ የቀበሌውን ሊቀመንበር ለመነ።

«እንደ ሙሽራ ዣንጥላ ይያዝላት?» ብሎ ሊቀመንበሩ ሣቀበት።

በቀትር፣ ቆርቆሮ መድረክ ላይ አስቀመጧት። ሊቀመንበሩ መፈክር ሊያሰማ እጁን ሲያነሳ ሣጥኗ ጮኸች፤ ሕዝቡም ሣቀ። «አሻጥር ነው!» ተባለና ወንድሜ ታሰረ። በዚያ ቃል ተይዞ ከገባው ብዙው አይመለስም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ እናቴ ይዛኝ ቀበሌ ሄደችና «አሁን፣ ፀሐይ ሳይበረታ ክፈቷት» አለች። ከፈቷት፤ ድምፁን ጥርት አድርጋ አሳለፈች።

«ይኸው፣ ጠግኗታል» አለ ሊቀመንበሩ።

«እናንተ ዘንድ ታስሮ? በየትኛው እጁ፣ ጌታው?»

ዘበኛው ሣቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ሊቀመንበሩ ግን ተሳስቻለሁ አላለም። የሚያውቀውን፣ በጆሮው የሰማውን፣ ደብቆ ሰው አሰረ!

ወንድሜ የተፈታው ሙቀቱ በርዶ፣ ጥር ሲገባ ነበር፤ ዳግም ሽቦ ላይነካ አስፈርመውት። ሣጥኗን አልመለሱለትም። የከባድ መኪኖች ማደሪያ ወደሆነችው ዲቾቶ ወርዶ የመኪና ጎማ እየጠገነ ኖረ፤ በሕይወት በመውጣቱ፣ አላህ ያውቅልኛል፣ አመስግኜ አልጠግብም። ግን ምን አጥፍቶ?

ዛሬ ልጄ ያንኑ ድምፅ የማጣራት ሥራ ሰመራ ቤታችን ቁጭ ብሎ በስልኩ ይሠራል። ባለፈው ዒድ ሰይድ ሊጠይቀን ሲመጣ «አጎቴ፣ እስቲ ይቺን ቁልፍ ያዙሯት» ብሎ ስልኩን ሰጠው። ሰይድ ጣቱን ከማሳረፉ በፊት ዞር ብሎ በሩን አየ። ልጄ ምን እንደሚያይ አልገባውም። ስላልገባው አልሐምዱሊላህ አልኩ።

ከዚያ ተነሥቼ በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩትና «አዙራት፣ ሰይዶ፤ ይስሙ!» አልኩት።