ኤሊዋ የበራች ሰሞን

መኪናችንን ከገዛን ወዲህ ባለቤቴ የማያውቀው የመኪና ነገር የለም፤ እሱ እንደሚለው ማለቴ ነው። መኪናዋ አሮጌ ናት። ከእኛ በፊት ስንት ሰው እንደነዳት እንጃ። እሱ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሞ ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ እያፏጨ ሲያጥባት ላየው፣ ትናንት ከፋብሪካ የወጣች ነው የምትመስለው።

አንድ ቀን ከሀና ማርያም ስንመለስ ከመሪው ኋላ አንዲት ቢጫ መብራት ቦግ አለች።

«ምንድን ናት?» አልኩት።

«ምንም። የሞተር ምልክት ናት።»

«ሞተር ምንም ነው እንዴ?»

«ነዳጁ ነው። የሰሞኑ ነዳጅ ደህና አይደለም። ራሷ ትጠፋለች።»

አልጠፋችም። ያ ነዳጅ አልቆ ሌላ ተቀዳ፣ እሷ እንደበራች ናት። እሱም ምክንያት አላጣም፤ አንዴ ብርዱ ነው፣ አንዴ አቧራው። ቀይ ብትሆን ኖሮ እንደሚያሳስብ፣ ቢጫ ግን ምክር ብቻ እንደሆነች ደጋግሞ አስረዳኝ። ምክር እንደማይሰማ ደግሞ እኔ አውቃለሁ።

በዚህ መሀል አማቴ ከሶዶ መጡ። አማቴ ዕድሜያቸውን ቅቤ ሲነግዱ የኖሩ፣ ጸሎት የሚወዱ፣ በልባቸው ያለውን ሳይናገሩ የማያድሩ ሴት ናቸው። መናኸሪያ ሄደን ተቀበልናቸው። የፊት ወንበር ላይ ተደላድለው እንደተቀመጡ ጣታቸውን ወደ መብራቷ ቀሰሩ።

«ይቺ ኤሊ ምንድን ናት?»

ጎንበስ ብዬ አየኋት። እውነትም ኤሊ ትመስላለች።

«ጌጥ ናት እማዬ» አለ ባለቤቴ።

«ጌጥ ከሆነች አንተን ምን ያልብሃል?»

ቤት ስንደርስ ነገሩን ከእኔ ሰሙ። ወዲያው ወርደው እጃቸውን የመኪናዋ ኮፈን ላይ ጭነው ጸለዩላት። የጎረቤት ልጆች ሳይቀሩ ቆመው «አሜን» አሉ። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ሞተር ሲያስነሳ መብራቷ የለችም።

«ራሷ ትጠፋለች አላልኩሽም?» አለኝ ደረቱን ነፍቶ።

«ራሷ?» አሉ አማቴ ከኋላ።

ደስታው ግን ብዙ አልዘለቀም። በነጋታው ሦስታችን ወደ ዘመድ ቤት ስንሄድ፣ መካኒሳ አቦ ጋ መብራቷ ተመልሳ መጣች። አሁን ደግሞ ብልጭ ድርግም እያለች ነው። መኪናዋም ወባ እንደያዘው ሰው ትንቀጠቀጥ ጀመር። ባለቤቴ ዳር ይዞ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«ጌታ አንድ ቀን ጨምሮልህ ነበር» አሉት እናቱ፤ «ጋራዥ ሂድበት ብሎ።»

ደግነቱ እዚያው አካባቢ አንድ ጋራዥ አለ፤ እየተንቀጠቀጥን ገባን። መካኒኩ በእኛ ዕድሜ የሚሆን፣ ትሁት ሰው ነው። ኮምፒውተሩን ሰካ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ አዳመጠ፣ ከዚያ መቀየር አለበት የሚለውን ሁሉ በቃሉ ዘረዘረልን። መጨረሻ ላይ ዋጋውን ሲነግረን ባለቤቴ ውሃ ጠየቀ።

እዚያ ጥግ ላይ ቆመን ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ፦ «ከመጀመሪያውም ጠርጥሬ ነበር። ጋራዥ እስካልሄድኩ ድረስ ዋጋውን አልሰማም ብዬ ነው።» ልስቅበት አሰብኩና ፊቱን አይቼ ተውኩት። ክንዱን ያዝ አደረግኩት።

አማቴ ግን ከመኪናው ወርደው፣ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው እንደተቀመጡ መካኒኩን ጠሩት።

«አንተ ልጄ፣ ና እስኪ። አግብተሃል?»

«ገና ነኝ እማማ።»

«እጸልይልሃለሁ። አሁን በሽታዎቿን እንደገና ንገረኝ፤ አንድ በአንድ።»

መካኒኩ አንዱን ይጠራል፣ እሳቸው «ይሄ ዛሬ ካልተቀየረ ትሞታለች?» ይላሉ። «ኧረ አትሞትም» ሲላቸው «እንግዲያ ይቆይ» ብለው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሞተሩ ውስጥ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ዕቃ ላይ ደረሱ።

«ይሄስ?»

«ይሄማ ካልተቀየረ ቤት አትደርሱም።»

«በል ቅቤው ይሄ ነው። ሌላው አሬራ ነው።»

መካኒኩ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። አዲሱ ዕቃ ውድ እንደሆነ፣ ያገለገለ ግን ደህና ሊያገኝላቸው እንደሚችል ነገራቸው። ክርክሩ ከዚያ ተጀመረ። አማቴ የራሳቸውን ዋጋ ጠሩ፣ እሱ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። በመጨረሻ ልክ እንደ ገበያቸው ነጠላቸውን አራግፈው ወደ በሩ መራመድ ጀመሩ።

«እማማ፣ ኧረ መኪናዋ እኮ እኔ ጋ ናት!» አለ መካኒኩ።

«ትሁና! እኔ በታክሲ ነው የምሄደው» አሉ ዞር ሳይሉ።

ባለቤቴ ደነገጠ። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። መካኒኩ ሮጦ ደረሰባቸው፤ «እሺ፣ እሺ፣ ለጸሎቱ ስል» ብሎ ዋጋውን ቀነሰላቸው። እውነቱን ለመናገር እሱም ጨዋታውን የወደደው ይመስለኛል። ዕቃውን አስመጥቶ ሲገጥም ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ምን ዓይነት ሚስት እንደሚሻለው ሲመክሩት ዋሉ። መኪናዋ ስትነሳ መንቀጥቀጧ ቀርቶ፣ መብራቷም ጠፍታ ነበር። አሬራ የተባሉትንም በየተራ እንድናሠራ ቃል አስገብቶ ሸኘን።

አማቴ መሄጃቸው ሲደርስ አውቶብስ አልሳፈርም አሉ። «ከዳነች ምን ሠርታ ልትበላ ነው? ታድርሰኝ!» ባለቤቴ እስከ ቡታጅራ መንገዱን ትቶ ከመሪው ኋላ ያሉትን መብራቶች እያየ ነዳ። ከሆሳዕና በኋላ ግን ማፏጨት ጀመረ።

ሶዶ ስንደርስ ጎረቤቱ መኪናዋን ከበባት። አማቴ በሩን ከፍተው ሳይወርዱ፣ «ታማብን ነበር» አሉ ጮክ ብለው፤ «ልጄ ነው ያዳናት። መኪና አዋቂ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ባለቤቴ ዞረ። እሱም ደረቱን ነፍቶ ቁልፉን እያሽከረከረ፣ የእያንዳንዱን ሽማግሌ እጅ እየጨበጠ ምስጋናውን ተቀበለ።