እናቴ ያልፈረመችበት ወረቀት

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። እኔ ጎንደር አራዳ ከአባቴ እህት ቤት ተቀምጬ እማራለሁ። በዚያ ዓመት ከሆስፒታል አንዲት ወጣት ነርስ አርብ አርብ እየመጣች ለእኛ ለሴቶቹ ጤና አጠባበቅ ታስተምረን ጀመር። ሰሌዳው ላይ ማሕፀንና በውስጡ የተኛ ሕፃን የሣለች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ ተንጫጫ። ዲሬክተሩም፣ ልጄ ይህን አትማርብኝ የሚል ወላጅ እየፈረመ ያስወጣት አሉ። ብዙዎቹ ፈረሙ።

አክስቴም ልትፈርም ሄዳ ነበር፤ «እናቷ ትምጣ» ብለው መለሷት። እናቴ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው አገራችን በኮሶዬ ነበረች። አባቴ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ይዛ ትኖራለች፤ የአገሩን ሴት ሁሉ የምታዋልደውም እሷ ናት። መልእክቱ ሲደርሳት በማኪና ተሳፍራ አርብ ጧት ከች አለች።

ዲሬክተሩ ወረቀቱን አቀረቡላት። «አውራ ጣትዎን እዚህ ያሳርፉ።»

«ምን ብዬ?»

«ልጄ ይህን ትምህርት አትማርም ብለው።»

«ምነው ጌታዬ! ሳልሰማው? መጀመሪያ ልስማው እንጂ።»

አክስቴን አስከትላ ክፍላችን ገብታ ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። እኔ በሐፍረት አቀረቀርሁ። የዕለቱ ትምህርት ስለ እትብት አቆራረጥ ነበር። ነርሷ፣ ምላጩ ካልተቀቀለ ቁስሉ እንደሚመረዝ፣ የሕፃኑ መንጋጋ ተቆልፎ ጡት መያዝ እንደሚያቅተው ነገረችን።

እናቴ ነርሷን እያየች ብድግ አለች።

«የኔ ልጅ፣ መንጋጋው ሲቆለፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ምች ነው እንል ነበር። እኔ ምላጩን በነጠላዬ ጠርጌ ነው ስቆርጥ የኖርሁ።»

ወደ ነርሷ ጠጋ አለች።

«ምን ያህል ይፍላ?»

«ሩብ ሰዓት፣ እማማ።»

«ሰዓት የለኝም። በአቡነ ዘበሰማያት ስንት ይሆናል?»

ነርሷ አልሳቀችም። የእጅ ሰዓቷን ፈታ ያዘች፤ እናቴ ቆማ ጸሎቱን አንድ ጊዜ ደገመች። ነርሷም አስልታ «ሠላሳ ጊዜ ይድገሙት» አለቻት።

ከዚያ ወደ ዲሬክተሩ ተመለስን።

«ማስወጣት መብቴ ነው ብለውኛል። ማስቀመጡስ?»

«እሱም መብትዎ ነው።»

«እንግዲያው ትማር።»

ውጭ ስንወጣ አክስቴ «በልጆች ፊት እንዲያ ይባላል?» ብላ ተቆጣቻት።

«የሞቱትን አልመልስም» አለች እናቴ፣ ድምፅዋ ትንሽ ሰልሎ። «የሚወለዱ ግን አሉ።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ የተማረ ሰው አውቄአለሁ። አጥፍቻለሁ ብሎ በሰው ፊት የቆመ ግን ጥቂት ነው ያየሁት። ያን ዕለት እስከ ማኪናው መቆሚያ እጇን ይዤ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየን መሐል መንገዱን ነበር የሄድሁት።